ሀዋይ ሉአው ሚባል ድግስ ልንሄድ ነው፣ እናቴ ጾመኛ፣ የእህቴ ባል ሙስሊም፣ ዋናው ምግብ አሳማ... ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሳላይሽ ልጅ፦

ሰላም የወሎ ልጆች። ጥያቄዬ ሊያስቃችሁ ይችላል ግን የምሬን ነው። እህቴ ሲያትል ነው ምትኖረው፣ ዘንድሮ እኔና እማዬ ቪዛ ቀናንና ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከደሴ እንነሳለን። እሷ ደሞ ሰርፕራይዝ ብላ ለአንድ ሳምንት ሀዋይ፣ ኦዋሁ ሚባለው ደሴት ላይ ሆቴል ይዛለች። ይሄ ሳያንስ ሉአው ሚባል የሀዋይ ባህላዊ ድግስ ላይ ለአምስት ሰው ቲኬት ቆርጣለች፣ ለኔ ለእማዬ ለሷ ለባሏና ለልጃቸው። ካንስል ብታደርጉ ብሩ አይመለስም ተብላለች።

እህቴ በስልክ "ድግስ አለብን" ብላ ነው ለእማዬ የነገረቻት። እማዬ ድግስ ሚለውን ቃል ከሰማች ወዲህ ቤታችን ሰላም የለም፣ ደጋሹ ማነው፣ ሰርግ ነው ወይስ ክርስትና፣ ባዶ እጅ እንዴት ይገባል፣ ድፎ ዳቦ አውሮፕላን ላይ ያስገባሉ ወይ... ሰው ሚገባው ከፍሎ ነው ስላት ደሞ "ለድግስ ይከፈላል እንዴ?" ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ አማከረች።

እኔ ደሞ ዩቲዩብ ላይ ሳየው የድግሱ ዋና ነገር ለካ አሳማ ነው። ሙሉ አሳማ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው አብስለው እንግዳ ፊት ነው ሚያወጡት። ቀኑ ነሐሴ 11 ነው፣ ፍልሰታ! እማዬ እንኳን አሳማ ቅቤ የነካው ማንኪያ አታስጠጋም። የእህቴ ባል የከሚሴ ልጅ ነው፣ "እኔ ውሃዬን ይዤ ጭፈራውን አያለሁ" ይላል፣ ግን ለአንድ ሰው ከ100 ዶላር በላይ ከፍሎ ውሃ መጠጣት ያማል። ሄዳችሁ ምታውቁ ካላችሁ ሌላ ሚበላ ነገር አለ ወይ፣ አሳማው ሲወጣ ዞር ብንል ነውር ይሆናል ወይ፣ ምን ይለበሳል፣ እማዬስ ምን ይዛ ትግባ? ፕሊስ ቶሎ በሉኝ ጎረቤቱ እያንዳንዱ የየራሱን መልስ እየሰጠ ነው።

አቦል ቶና፦

ከ100 ዶላር በላይ ከፍሎ አሳማ ሲቆፈር ማየት 😂 እኔ ብሆን በዛ ብር ግሸን ደርሼ ተመልሼ፣ ሰፈሩን ሙሉ ቡና አጠጣበታለሁ።

ሀይቅ ዳር፦

አቦል ቶና ተወው ልጁን፣ ቲኬቱ ተቆርጧል።

ወንድሜ እኔ ላስ ቬጋስ ነው ምኖረው፣ እዚህ ከተማ የሀዋይ ሰው ከመብዛቱ የተነሳ እነሱ ራሳቸው ቬጋስን "ዘጠነኛዋ ደሴት" ነው ሚሏት። ስራ ቦታ አብረውኝ ያሉ አሉ፣ አንዱ ልጁ አመት ሲሞላው ጠራኝ። ለእማማ እንዲህ በላቸው፣ ቲኬት ሚቆረጥለት ሉአው የቱሪስት ነው፣ እውነተኛው ግን የቤተሰብ ድግስ ነው፣ ልክ እንደኛ ክርስትና። ድሮ ከውጭ የገባ በሽታ ሕፃናቱን ይጨርስባቸው ስለነበር አመት የደፈነ ልጅ ትልቅ ደስታ ነበር፣ እስካሁን የአንደኛ አመቱን ሉአው ድንኳን ጥለው፣ ዘመድ ሳምንት ሙሉ ሲከትፍ ሲያበስል ሰንብቶ ነው ሚደግሱት። እኔ በፖስታ ብር ይዤ ገባሁ። ትልልቆቹን ሴቶች ዘመድ ሆኑም አልሆኑም አንቲ ነው ሚሏቸው፣ ልክ እኛ እትዬ እንደምንለው። ስገባ አንዷ አንቲ አንገቴ ላይ የአበባ ጉንጉን አጠለቀችልኝ፣ ሌይ ይባላል። ሌይ ሲሰጧችሁ እምቢ እንዳትሉ፣ ትከሻ ላይ ግማሹ ከፊት ግማሹ ከኋላ ሆኖ ነው ሚንጠለጠለው፣ ሰጪው ፊት ደሞ አውልቆ መጣል በጣም ያስቀይማቸዋል።

ወደ ምግቡ ልምጣ። አሳማው ካሉዋ ይባላል፣ ጉድጓዱ ኢሙ። ከሱ ሌላ ላውላው ሚባል በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አለ፣ ቅጠሉን አይታችሁ ጾም ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ ውስጡ አሳማና አሳ ነው። ሎሚ ሳልመን ሚባልም አለ፣ ሎሚ የለውም! ሎሚ በነሱ ቋንቋ ማሸት ነው፣ ጥሬ በጨው የከረመ ሳልመን ከቲማቲምና ሽንኩርት ጋር በእጅ ታሽቶ ሚቀርብ ነው። ፖኬ ደሞ ጥሬ ቱና ተቆራርጦ። ጥሬ ሥጋ ቆርጠን ምንበላ ሰዎች በጥሬ አሳ ብንደነግጥ ያስቃል።

የጾሙ ግን ብዙ ነው። ዋናው ፖይ ነው። ታሮ ከሚባል ሥር ነው ሚሰራው፣ ደቡብ ሄዳችሁ ከሆነ ጎደሬ ምትሉት እሱ ነው። ቀቅለው እንጨት ገበታ ላይ በድንጋይ ይወቅጡታል፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ ያልሙታል፣ ከዛ ሐምራዊ ግራጫ የሆነ ሚለጠጥ ነገር ይሆናል። ውፍረቱን በጣት ነው ሚቆጥሩት፣ ወፍራሙ በአንድ ጣት ይነሳል፣ ቀጭኑ ሁለት ሦስት ጣት ይፈልጋል። ትኩስ ሲሆን ምንም ምንም አይልም፣ ሁለት ሦስት ቀን ሲያድር ይኮመጥጣል፣ አዋቂዎቹ ያን ነው ሚመርጡት። ፈረንጁ ቱሪስት አንዴ ቀምሶ "ሙጫ" ብሎ ይተወዋል። እኔ ግን ያደረውን ስቀምስ የቤታችን ቡሃቃ ነው ትዝ ያለኝ። አንድ ነገር ደሞ ነግረውኛል፣ የፖይ ገበታ ተከፍቶ ባለበት ጭቅጭቅ አይነሳም፣ ታሮ በነሱ ተረት የሰው ልጅ ታላቅ ወንድም ነው፣ ታላቅ ፊት አይጣሉም።

ከዛ ስኳር ድንች፣ ሩዝ፣ አናናስ፣ ሀውፒያ ሚባል ከኮኮናት ወተት ሚሰራ እንደ ጄሊ የረጋ ነጭ ጣፋጭ አለ፣ የላም ወተት የለበትም፣ ግን አንዳንዱ ጄላቲን ስለሚጨምርበት ጠይቁ። የማካሮኒ ሰላጣው ማዮኔዝ ነው፣ እሱን እማማ አይንኩት።

የኮምቦልቻዋ፦

ወላሂ ሀይቅ ዳር አስራበኝ። እኔ ከባለቤቴ ጋር የዛሬ ሦስት አመት ኦዋሁ ሄጄ ነበርና ለአማቻችሁ ምለው አለኝ። የሆቴሎቹ ሉአው ላይ አልኮል በገፍ ነው፣ ገና ከበሩ ማይታይ ሚባል ሮም ያለበት መጠጥ በእጃችሁ ያስይዟችኋል፣ ጁስ ስለሚመስል ሳትጠይቁ እንዳትጠጡ። እኛ ይሄን ፈርተን ላዪዬ ያለው የፖሊኔዥያ ባህል ማዕከል ነው የሄድነው፣ በደሴቱ ሰሜን በኩል፣ ከ1963 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሚያስተዳድሩት ሞርሞኖች ስለሆኑ አልኮል ሚባል አይቀርብም፣ እሁድ ዝግ ነው። የናንተ ተቆርጧል ግን ሌላ ሚሄድ ካለ ይወቀው ብዬ ነው።

ዶሮና በሬ አለ ቢሏችሁም ሀላል አይደለም፣ ስለዚ እኛ አሳና አትክልት ነው የበላነው። ቡፌ ከሆነ ደሞ ቀድማችሁ ተሰለፉ፣ ምክንያቱም ሰው የአሳማውን ማንኪያ ሩዙ ውስጥ፣ የሩዙን አሳው ውስጥ እያደረገ ያዘበራርቀዋል። ከሁሉ ሚሻለው እህትህ ከሳምንት በፊት ደውላ ሁለት ሰው ሥጋ አይነካም፣ አንዷ እንቁላልም ወተትም አሳም አትነካም ብላ ታስመዝግብ፣ ለብቻ ሰሃን ያመጡላችኋል። "ጾም" ብትል አይገባቸውም፣ ቪጋን ትበል በቃ።

የሳላይሽ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እህቴ ዛሬውኑ ደውላለች። እማዬ "ቪጋን ምንድነው" አለች፣ አመት ሙሉ ሚጾም ሰው ነው አልኳት፣ "መነኩሴ ነዋ" አለች። አሁን መነኩሴ ተብላ በመመዝገቧ ከብዷታል።

አይጠየፍ ጎረቤት፦

አሳማ አሳማ ስትሉ አንድ ነገር ላጫውታችሁ፣ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝና ትዕግስት ይኑራችሁ። በጥንቱ የሀዋይ ሕግ፣ ካፑ ይሉታል፣ ወንድና ሴት አንድ ገበታ አይቀርቡም ነበር። ለሴት አሳማ መብላት ክልክል፣ ኮኮናት ክልክል፣ አብዛኛው የሙዝ ዓይነት ክልክል፣ ቅጣቱም ሞት ድረስ ነበር። ስለዚህ የልጃችን እናት በዚያ ዘመን ቢሄዱ ኖሮ ማንም "ቅመሱ" ብሎ አያስቸግራቸውም ነበር። በ1819 ንጉሡ ካሜሃሜሃ 2ኛ በሕዝብ ፊት ከሴቶቹ ገበታ ሄዶ ተቀምጦ በላ። በዚያች ማዕድ ሕጉ ፈረሰ፣ ከኋላው ሆና ስትገፋው የነበረችው የአባቱ ሚስት ካአሁማኑ ነበረች። ሉአው የሚለው ስም ራሱ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው፣ የታሮው ለጋ ቅጠል ስም ነው ለድግሱ የዋለው።

በ1847 ደግሞ ካሜሃሜሃ 3ኛ በደገሰው ግብር 271 አሳማ፣ 602 ዶሮ፣ 482 ትልልቅ ቅል ፖይ ቀርቧል። እኔ ይህን ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ የኛው አይጠየፍ አዳራሽ ነው፣ ቤቴ ከሱ ብዙ አይርቅም። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያገቡበት የነበረ፣ ስሙም ማንንም አይጠየፍም ተብሎ የወጣለት። በነገራችን ላይ ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው አስቀድሞ መሐመድ አሊ ነበሩ፣ ይህን ለወሎ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። የኛም ደጋሽ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም ዕቃና ሥጋ ለይቶ ማቅረብ ያውቅበታል፣ የሀዋዩም ቢሆን ከተነገረው አያቅተውም።

መርሳ ላይ፦

የልብሱን የመለሰላችሁ የለም። አበባ አበባ ያለው ሸሚዝ ሁሉም ይለብሳል፣ እናትህ ግን ሐበሻ ቀሚስ ነጠላ ያድርጉ፣ ማታ ከባህር ሚመጣው ንፋስ ቀላል አይደለም። ሌላ የለኝም መልካም ጉዞ።

የሳላይሽ ልጅ፦

(መስከረም ላይ ተመልሼ ነው ምጽፈው፣ እንኳን አደረሳችሁ)

ደሴ ገብተናል። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር እንዴት ሆነ እያለ ስለጠየቀኝ እዚሁ ልጻፍ።

ቦታው ባህር ዳር ሳር ላይ ነው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው ሚጀመረው፣ እማዬ እንዲያውም ሰዓቱን ወደደችው፣ "ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ነው፣ ያውቃሉ" አለች። በሩ ላይ ሌይ አጠለቁልን። የኮምቦልቻዋ እንዳለችው ወዲያው ቀይ መጠጥ በትሪ መጣ፣ አማቼ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አናናስ ጁስ በሉኝ አለ፣ ምንም አላሉም። እማዬ ቆሎዋን ይዛ ነው የገባችው። ምን ባደርግ እምቢ አለች፣ በላስቲክ ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ሚጥሚጣም አብሮ እንዳለ እኔ አላወቅኩም ነበር።

አሳማው ሊወጣ ነው ሲባል ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ጉድጓዱን ከበበ። እኔ ዞር ልል ስል እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ፣ "ሰው ደግሶ ሲያሳይህ ፊትህን ታዞራለህ?" ብላ። ከኋላ ቆመን አየን። መጀመሪያ አፈሩን በአካፋ ገለጡ፣ ከዛ እርጥብ ጆንያ፣ ከዛ የሙዝ ግንድና ቲ ሚሉት ሰፊ ቅጠል፣ ከስር ድንጋይ። እንፋሎቱ ወጥቶ አካባቢውን ሸፈነው። ሰው አሳማውን ተከትሎ ሲሄድ እማዬ ግን ጉድጓዱ ጋ ቀረች። ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አየችና "ይሄኮ ዳቦ በኮባ ነው" አለችኝ፣ ከዛ ጥያቄ፣ እንጨቱ ምንድነው፣ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ አፈሩ አይገባም ወይ። እኔ እያስተረጎምኩ ሰራተኛው ልጅ ሁሉንም መለሰላት፣ ድንጋዩ ቀይ እስኪሆን ይነዳል፣ ከተዘጋ በኋላ ስድስት ስምንት ሰዓት ይቆያል፣ እንጨቱ ኪያዌ ይባላል። እህቴ ሌሎቹ መቀመጫ ሊይዙብን ነው እያለች ትጮሃለች።

ምግቡ ላይ አንድ ስህተት ነበር። ቪጋን ብለን አስመዝግበን የእማዬ ሰሃን ላይ ያችው የማካሮኒ ሰላጣ ተቀምጣለች! ሀይቅ ዳር ባይነግረኝ ኖሮ በላችው ነበር። መለስነው፣ ይቅርታ ጠይቀው ሌላ አመጡ። ፖዩ ሲመጣ እማዬ በጣቷ ነካ አደረገችና ዝም አለች። እኔ ይሄኔ አልጣማትም ስል "ሊጡን ሳይጋግሩት ነው ያቀረቡት፣ እርሾው ግን ደርሷል" አለች። ከዛ ቦርሳዋን ከፍታ ሚጥሚጣ ነሰነሰችበት። ሁለት ሳህን በላች እውነቴን ነው፣ ከኛ ጠረጴዛ ፖይ የጨረሰ ሰው እሷ ብቻ ናት፣ አማቼ ስኳር ድንቹንና አሳውን ነው የያዘው፣ እኔና እህቴ ሩዝ ሩዝ። አንዷ አሳላፊ አንቲ ሳህኑ ባዶ መሆኑን አይታ ገርሟት መጣች፣ የትኛውም ቱሪስት አይጨርሰውም አለች። ሚጥሚጣውን ቀመሰችና አይኗ እንባ ሞላ፣ ሳቀች፣ ከዛ ሌሎቹን ጠራች። እማዬ ቆሎውን አወጣችና ለሁሉም በእፍኝ በእፍኝ አደለች። በቃ ባዶ እጅ አልገባችም።

ጭፈራው ሁላ ይባላል፣ እጁ ሁሉ ቃል አለው ይላሉ፣ ማዕበሉ፣ ንፋሱ፣ ዝናቡ በእጅ ይነገራል። እንግዳ ወደ መድረክ ሲጠሩ እህቴ ወጣች፣ እማዬን ሊያስነሱ ሲመጡ "ፍልሰታ ነው" ብላ ነጠላዋን አጣፋች፣ ይሄን ማንም አልተረጎመም ግን ገባቸው። መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ሁለቱም ጫፍ እሳት የሆነ ቢላ እያሽከረከረ ወጣ (ይሄኛው የሳሞአ ነው እንጂ የሀዋይ አይደለም ብለው ራሳቸው መድረክ ላይ ተናገሩ)። ቡሄ ሁለት ቀን ነበር የቀረው፣ የእህቴ ልጅ ሲያትል ተወልዶ ያደገ ልጅ እሳቱን ሲያይ ወንበር ላይ ቆሞ "ሆያ ሆዬ!" ብሎ ለቀቀው። ከጎናችን የነበሩት ፈረንጆች የድግሱ አካል መስሏቸው "ሆ!" እያሉ ተቀበሉት።

ደሴ ያሉ ጎረቤቶቻችን እዛው እያለን በቪዲዮ ደውለው ነበር፣ 13 ሰዓት ስለሚለያየን እኛ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሆነን እነሱ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቡና ላይ ናቸው። "እህሳ ድግሱ እንዴት ነው?" ሲሏት "እንጀራ መጋገር አያውቁም እንጂ ደህና ሰዎች ናቸው" አለቻቸው።

አሁን አዲስ ችግር መጥቶብኛል። እማዬ ለመስቀል ጓሮ ጉድጓድ ቆፍር፣ በግ እንደነሱ አድርጌ አበስላለሁ ብላ ይዛኛለች። ቲ ቅጠል ደሴ የለም፣ ምን ይሻላል?

ባቲ ሰኞ፦

ኮባ ወይ የሙዝ ቅጠል ይበቃሃል ምን ያስጨንቅሃል። እንጨቱን በተመለከተ ያ ኪያዌ ያልከው የፕሮሶፒስ ዘር ነው፣ አፋር ሜዳውን የወረረው የሱ ዘመድ ማለት ነው፣ ወደ ሚሌ በሚሄድ መኪና ላክና በነጻ ያስጭኑልሃል፣ ይገላግሏቸዋል። አፋሮቹ ራሳቸው ሙፎ ሚሉትን ዳቦ ጉድጓድ ውስጥ ነው ሚጋግሩት፣ ሀዋይ ድረስ መሄድ አልነበረባችሁም 😂

ሀይቅ ዳር፦

እማማን ጉልበት ሳምኩ በልልኝ። ድንጋዩን ግን ተጠንቀቁ፣ የወንዝ ድንጋይ እንዳትጠቀሙ፣ ውስጡ ውሃ ስላለ ሲግል ይፈነዳል። ደረቅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው ሚፈለገው፣ ጦሳ ስር ሞልቷል።

የኮምቦልቻዋ፦

ሸዋበር በኩል ያሉትን ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁንም ትጠራላችሁ መቼም። በጉን ማን ሊባርከው ነው?

የሳላይሽ ልጅ፦

እሱን ትላንት ማታ ስንነጋገርበት ነው ያመሸነው። ሁለት በግ፣ ሁለት ጉድጓድ ተባለ። ቆፋሪው ግን አንድ ነው፣ እኔ።